የሰናይትን ኪችን ልለካ ጉለሌ ሄጄ

ባለቤቴ ታደሰ ጉለሌ እህቱ ቤት ሰንብቶ ከመጣ ወዲህ እኛ ቤት ምሳ በቀረበ ቁጥር አራተኛ ሰው አብሮን መቀመጥ ጀመረ። አራተኛው ሰው የእህቱ የሰናይት ኪችን ነው። እኔ ወጥ ሳወጣ እሱ "ሰናይት ቤት ውሃው ሙቅ ሆኖ ነው የሚወርደው" ይላል። እንጀራ ስዘረጋ "ጠረጴዛው መስታወት ነው፣ ለስምንት ሰው" ይላል። አንድ ቀን ጨው እንኳን ሲያቀብለኝ "እነሱ ጨው የሚያስቀምጡበት ራሱን የቻለ መሳቢያ አላቸው" ብሎኛል። የበላሁት ሁሉ ጨው አልባ ሆነብኝ።

እኛ የምንኖረው ፍቼ ነው። ማድ ቤታችን ከጓሮ፣ ከግቢው ማዶ ነበረ፤ ክረምቱ ጣለውና አዲስ ለመሥራት ብሎኬት ገዛን። ታደሰ "እዚያው ጓሮ ይሠራ፤ ከቤት ከተለጠፈ ሽታው ሳሎን ይገባል፣ እንግዳ ምን ይላል?" አለ። እኔ ደግሞ ከቤቱ ጋር እንዲያያዝ ፈለግኩ። ምክንያቴ ልጄ ማርታ ናት። ማርታ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን ጠዋትና ማታ ትውጣለች፣ ብዙውን ጊዜም ደህና ናት፤ ሲመጣባት ግን ሳያስጠነቅቅ ነው። እኔ ጓሮ ወጥ ሳማስል እሷ ሳሎን ብቻዋን ናት። አንድ ድስት ሽሮ እስኪበስል ግቢውን ስመላለስበት እውላለሁ፤ ሽሮው ያርራል፣ እሷም "እማዬ አለሁ!" ማለት ይሰለቻታል።

ክርክራችን ሲረዝም ታደሰ "ሄደሽ የሰናይትን እዪና ነይ። ሰኞ ግንበኛው ይመጣል፤ አንዴ መሠረት ከወጣ በኋላ ማፍረስ የለም" አለኝ። ብሎኬቱ የሚበቃው ለአንድ ማድ ቤት ብቻ ስለሆነ ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ እዚህ የጻፍኩት ጎረቤቶቼ በየተራ ስለሚጠይቁኝ ነው።

ሐሙስ

ማርታን ይዤ በጠዋት ተሳፈርኩ። መድኃኒቷን ሦስት ቦታ ከፋፍዬ ነበር፦ በቦርሳዬ፣ በጃኬቷ ኪስና በደረቴ። ለሰናይት ቅቤ በትንሽ ባልዲ፣ አይብም በኮባ ቅጠል ሳይሆን እንዳይፈስ ብዬ በክዳን ዕቃ ይዣለሁ። ማርታ መስኮት አጠገብ ልቀመጥ አለች። እኔ መስታወት አላምንም፤ ራሴ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ እሷን ወደ ውስጥ አደረግኳት። እስከ ጫንጮ አኮረፈችኝ።

መንገዱ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ደብረ ጽጌን፣ ሙከ ጡሪን አልፈን ሱሉልታ ስንደርስ ግን አስፋልቱ ዳር የተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ዓይኔን ያዙት። መስኮታቸው ከእኛ በር ይሰፋል። መኪናው ትንሽ ዝግ ሲል አንዷ ሴትዮ በመስኮቷ ዕቃ ስታጥብ አየሁ፤ ቆማ ነበር፣ ወገቧ ቀጥ ብሎ። እኔ ዕቃ የማጥበው ጎንበስ ብዬ፣ በሳፋ ነው። ስሟን እንኳን የማላውቃት ሴት ላይ ቀናሁ።

ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ወርደን አዲሱ ገበያ ስንደርስ ጫጫታው ተቀበለን። የማርታን እጅ እስክታማርር ጨበጥኩት። ሁለት ታክሲ ይዘን ቁስቋም ወረድን። ሰናይት በስልክ "ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ አረንጓዴ በር" ብላኛለች። ምን ዋጋ አለው፣ በሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው።

አንዱን አንኳኳሁ። ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ከፍተው "ግቡ፣ ግቡ፣ ብርድ ነው" አሉን። ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ ሳይሉ አስቀመጡን። ከሰላሌ መምጣታችንን ስነግራቸው በኦሮምኛ ሰላምታ ጨመሩልኝ፤ እኔም መለስኩላቸው። ውሃና ቆሎ አቀረቡ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ተከፍሎ ከወዲያ ምጣድና ምድጃ ይታያል። የሰናይት አማት መስለውኝ ስለነበር በልቤ "ታደሰ ዓመቱን ሙሉ የሚያወራልኝ ስለዚህ ኪችን ነው?" አልኩ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ቆሎው እንዴት ይጣፍጥ ነበር!

"ሰናይትስ ሥራ ሄዳ ነው?" አልኳቸው።

"የቷ ሰናይት?"

"ባለቤቷ ኮንትራክተር የሆነው።"

"ኧረ ልጄ፣ እሷማ ከላይ ናት፣ ፎቁ ቤት" ብለው ሳቁ። "አይዞሽ፣ ቆሎሽን ጨርሺ። የተቀመጠ እንግዳ በስሕተት መጣ ተብሎ አይነሳም።" ኋላም የቅቤውን ባልዲ ነጥቀውኝ እስከ ሰናይት በር ሸኙን። ዳገቱን ከእኔ ቀድመው ወጡት።

የሰናይት ቤት ስገባ የቆሎው ደስታዬ አለቀ። ኪችኑ ከሳሎኑ ጋር ተያይዞ አንድ ነው፤ ግድግዳ የለውም። መሀሉ ላይ እንደ አልጋ የሰፋ ጥቁር ግራናይት ቆሟል። ቁም ሳጥኖቹ ከማብረቃቸው የተነሳ ከመንገድ የመጣሁበትን ፊቴን አሳዩኝ፤ አቧራ ነበረብኝ። ከቁም ሳጥኑ ሥር መብራት፣ ከቧንቧው ሙቅ ውሃ፣ ቀጥሎም ታደሰ የሚምልበት የመስታወት ጠረጴዛ።

አንድ ነገር ግን ታደሰ አልነገረኝም ነበር። በግራናይቱ አራት ማዕዘኖች ላይ ወፍራም ነጭ ፎጣ ታጥፎ በሪባን ታስሯል። የጠረጴዛውም ጥጎች እንዲሁ።

"ይሄ ፎጣ ምንድን ነው?" አልኳት።

ሰናይት ወደ ማርታ አየት አደረገችና "እ... ፋሽን ነው እትዬ" አለችኝ።

ፋሽን ከሆነማ ይሄን እኔም አላጣውም አልኩ በልቤ። ፎጣ ባይኖረኝ በእጄ የሠራሁት ዳንቴል አለኝ። ማታ ከመተኛቴ በፊት ሪባኑ እንዴት እንደታሰረ አንድ ጊዜ ተመልሼ አየሁት።

አርብ

ሜትር ከቤቴ ይዤ መጥቻለሁ፤ ግን ከቦርሳዬ ማውጣት አፈርኩ። የሰው ቤት መለካት ማለት "ቀናሁ" ብሎ መጮህ ነው። ስለዚህ በስንዝር ለመለካት ወሰንኩ። ሰናይት ቁርስ ስታሰናዳ ግራናይቱ ላይ እጄን ዘርግቼ፣ ሰብስቤ፣ ዘርግቼ ሄድኩ።

"እትዬ ዘነቡ" አለች ሰናይት፣ "ድንጋዩን እያሸሽው ነው ወይስ እየመረቅሽው?"

"አቧራ ነበረበት።"

"አቧራ? እኔ ቤት?" ብላ ጨርቅ አንስታ እኔ የለካሁትን ሁሉ ወለወለችው። ስንዝሬ ተምታታብኝና እንደገና ጀመርኩ።

ሻይ ስትቀዳ ጀርባዋን ሰጥታን ነበር። ሳትዞር "ቢኒ፣ እጅህን ከብስኩቱ ላይ አንሳ!" አለች። የስምንት ዓመት ልጇ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

"ጀርባሽ ዓይን አለው እንዴ?" አልኳት።

"ኦቨኑ ነው የሚያቃጥርልኝ።"

ጠጋ ብዬ አየሁ። የኦቨኑ በር ጥቁር መስታወት ነው፤ ከፊቱ ለቆመ ሰው ከኋላ ያለውን ክፍል ሁሉ ያሳያል፦ ጠረጴዛውን፣ ልጆቹን፣ ብስኩቱን። እኔ ልጄን ለማየት ግቢ አቋርጣለሁ፤ እሷ አንገቷን እንኳን አታዞርም። በግራናይቱ ከቀናሁት በላይ በዚህ ቀናሁ።

ጾም ስለሆነ ምስር ልንሠራ ተነሳን። ላግዝ ብዬ ሽንኩርት ከትፌ የሚያብረቀርቀው ምድጃ ላይ መጥበሻ ስጥድ ሰናይት "ውይ፣ እዚህ አይደለም!" ብላ መጥበሻውን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"ታዲያ የት ነው?"

"ከኋላ ነዋ። እዚህ ሽንኩርት ቢቁላላ ቁም ሳጥኑ ቅባት ይጠጣል፣ መጋረጃው ይሸታል። እዚህ ሻይና እንቁላል ብቻ ነው።"

የጓሮ በሯን ከፍተን ወጣን። የቆርቆሮ ማድ ቤት! ግድግዳው በጭስ የጠቆረ፣ በርጩማው አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ፣ ክረምት ከጣለብኝ ከእኔው ማድ ቤት ጋር የአንድ እናት ልጅ። ሽንኩርት እያቁላላሁ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

"ምን ያስቅሻል?" አለችኝ።

"ኧረ ምንም፣ ሽንኩርቱ ነው።"

ምስሩ ሲደርስ ሰናይት ስልኳን አውጥታ ደወለች። "ቢኒ፣ እህትህን ይዘህ እጃችሁን ታጠቡ፣ ምሳ ደርሷል።" ከሃያ እርምጃ የማይርቁ ልጆቿን በስልክ! ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። ታደሰ ጓሮ ይሠራ የሚለኝ ይህንኑ ነው። የሰናይት ልጆች ስልክ ያነሳሉ። የእኔዋ ስልክ የማታነሳበት ጊዜ አለ።

ከሰዓት በኋላ እዚያው ጉለሌ ወዳለው የእጽዋት ማዕከል ወሰደችን። ብዙ ዓይነት ተክል አለ፣ አየሩም ደስ ይላል። እኔ ግን ያየሁት የማርታን ጫማ ነው፤ ድንጋይ እንዳያደናቅፋት ከኋላዋ እየተከተልኩ። የሰናይት ልጆች ከፊት ይሮጣሉ። እናታቸው ስለ መጋረጃ ታወራኛለች፣ አንዴም አልጠራቻቸውም። ማርታ ዞር ብላ "እማዬ፣ በናትሽ ትንሽ ራቅ በይ" አለችኝ። ራቅ አልኩ፤ ግን ብዙም አይደለም።

ቅዳሜ

የግራናይቱን ጨርሼ የምግብ ጠረጴዛው ቀርቶኝ ነበር። ጠዋት ሰናይት ኪችኗ ውስጥ ሻይ ታፈላለች፣ ማርታ ስኒ ታቀብላታለች። ታደሰ ቁመቱን መጠየቁ አይቀርም ብዬ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ እግሩን በስንዝር መለካት ጀመርኩ።

ስኒ ሲሰበር ሰማሁ። "ማርታ!" የሚለው ድምፅ የሰናይት ነው። በድንጋጤ ስነሳ ራሴን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨሁ፤ የገጨኝ ግን ፎጣው ነበር።

ስደርስ ማርታ መሬት ላይ አልነበረችም። ሰናይት ደረቷ ላይ ደግፋ ይዛታለች። በኦቨኑ መስታወት ውስጥ የልጄ ዓይን ሲገለበጥ አይታ፣ ሻዩን ጥላ ዞራ ነው የያዘቻት። ቀስ ብላ አስተኛቻት፣ በጎኗ አዞረቻት፣ ነጠላዋን አጥፋ ከራሷ ሥር አደረገች፣ የአንገቷን ቁልፍ ፈታች። አልጮኸችም። ክብሪት ጭራ አላሸተተቻትም። አፏ ውስጥም ምንም አልከተተችም። ሐኪሙ የነገረኝን አንድ ሳታጓድል፣ እኔ ማድረግ የሚገባኝን ሁሉ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ አደረገችው። እኔ የልጄን እግር ብቻ ያዝኩ።

ብዙም ሳይቆይ ለቀቃት። ሶፋው ላይ አስተኛናት። ሰናይት የተሰበረውን ስኒ ጠርጋ ሻይ እንደገና አመጣችልኝ። ስኳሩንም ራሷ አማሰለችልኝ።

"ማን አስተማረሽ?" አልኳት።

"ታዴ ባለፈው ሲመጣ ሁሉንም ነገረኝ። እዚህ ቁጭ ብሎ እያለቀሰ።"

ታደሰ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ለእኔ የነገረኝ ስለ ጨው መሳቢያ ነው።

"ፎጣውስ?"

አቀረቀረች። "ትመጣላችሁ ሲለኝ ጥጎቹን ሳያቸው ፈራሁ። ሪባኑን ያሰርኩት ጌጥ እንዲመስል ነው። እንዳትሸማቀቂ ብዬ ነው ፋሽን ያልኩሽ፤ ልጅቷም ትሰማ ነበር።"

ምስጋና ነበር የሚገባት። ከአፌ የወጣው ግን "እኔ ነበርኩ መያዝ የነበረብኝ" የሚል ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በግራናይት፣ በቧንቧ፣ በመብራት ቀንቻለሁ፤ የዚያን ሰዓቱ ግን ሌላ ነበር። ልጄ ስትወድቅ የተገኘው የሌላ ሴት ክንድ ነው። ከዚያ ወዲያ ብትሰጠኝ ኪችኗን አልፈልገውም ነበር፤ ያቺን አንዲት ደቂቃ ነው የፈለግኩት።

ሰናይት አልተቀየመችም። "እትዬ፣ ማንም ይያዛት። መሬት አልነካችም፣ በቃ" አለችኝ። ቀጥላም "ጠረጴዛው ሥር ግን ምን ጠፍቶብሽ ነበር?" ስትል ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ እንባዬም አብሮ መጣ። መኝታ ክፍሏ ገብታ ሜትር ይዛ ወጣች። "ነይ፣ በስንዝር ከምትደክሚ" አለችኝ። እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ቤቱን ሁሉ ለካነው።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ አዲሱ ገበያ ድረስ ሸኘችን። ድፎ ዳቦ አስያዘችን፤ ፎጣዎቹንም ከነሪባናቸው። ታች ያሉት ሴትዮ ከበራቸው ሆነው "ዛሬስ በሩን አወቅሽው?" ብለው ሳቁብኝ፤ ለማርታ በከረጢት ቆሎ ጨመሩላት።

አውቶቡስ ውስጥ ማርታን መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳት። ሱሉልታን ስናልፍ ወደ እኔ ዞረችና "እማዬ፣ አንድ ነገር ብልሽ አትቆጪም?" አለችኝ።

"ተናገሪ።"

"ስበላ አትዪኝ።"

"እንዴት አላይሽ?"

"ታምሜ ስነቃ ሰው ሁሉ ከላዬ ሆኖ ያየኛል። እሱስ ይሁን። ደህና ስሆንም አንቺ እንደዚያው ታዪኛለሽ። ስበላ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።"

ኪችኑ ከቤቱ ጋር ይያያዝ ብዬ ከባሌ የተጣላሁት ምድጃዬ ላይ ቆሜ ፊቷን ለማየት ነው። ይህን ያህል መንገድ የሄድኩት ለዚያ ነው። ከድፎው ቆርሼ ሰጠኋትና ወደ ሾፌሩ ዞርኩ። ሾፌሩ አንገቱን ሳያዞር፣ ከፊቱ ባለው መስታወት፣ ከኋላ የተቀመጡ ሰዎችን "ዕቃውን ከመተላለፊያው ላይ አንሱ" ብሎ ሲቆጣ ሰማሁ። የሰናይት ኦቨን ትዝ አለኝ።

ሰኞ

ግንበኛው ጋሽ በቀለ ገና ቡናውን ሳይጨርስ ታደሰ "እሺ፣ ምን አየሽ?" አለኝ።

"እህትህ የምታበስለው ጓሮ ነው።"

"አላልኩሽም!" ብሎ ተነሳ።

"ልጆቿን ለምሳ የምትጠራቸው በስልክ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ማርታ ስትወድቅ ግን ሰናይት ጓሮ አልነበረችም። ጓሮ ብትሆን ኖሮ ስልኩ ልጅህን አይዛትም ነበር።"

ተመልሶ ተቀመጠ። ስለ እንግዳና ስለ ሽታ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። እህቱ ቤት ስለ ማልቀሱም እኔ አላነሳሁበትም፤ ማታ ብቻ እጁን ይዤ ቆየሁ።

ጋሽ በቀለ ከቤቱ ጋር አያይዞ ሠራው። በመሀል ያለውን ግድግዳ በሰፊው ከፈተልኝ፤ ሲሚንቶ የተመረገውን መደብ ጥጉን ሁሉ አድበልብሎ ለሰለሰው። የምድጃው ቦታ ላይ ስንደርስ ግን አልተግባባንም።

"ፊትሽ ወደ ጠረጴዛው ይሁን እንጂ" አለኝ። "ሰው እየበላ ጀርባ ይሰጣል እንዴ? ነውር ነው።"

"ጀርባዬ ወደ ጠረጴዛው ይሁን፣ ጋሼ።"

"ታዴ፣ ኧረ ሚስትህን ስማት!"

ታደሰ "እሷ ያለችውን አድርግላት" አለ። ይህን ሲል የሰማሁት ከተጋባን የመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል።

ግራናይት የለኝም። ሙቅ ውሃም አይወርድልኝም፣ መብራቴም ከጣሪያው አንድ ነው። የሰናይት ቤት ሲነሳ አሁንም እቀናለሁ፤ አለቀልኝ ብል ውሸት ነው። ግን ለሠርጌ የተሰጠኝን፣ አልጋ ሥር ተጠቅልሎ የኖረውን ትልቁን ትሪ አወጣሁት። በአመድና በሎሚ ፈትጌ ከምድጃዬ በላይ፣ ከዓይኔ ትክክል ሰቀልኩት።

የአዲሱን ማድ ቤት የመጀመሪያ ምሳ ስንበላ ታደሰና ማርታ ቀድመው ተቀመጡ። የጠረጴዛው ጥጎች ላይ የሰናይት ፎጣዎች ታስረዋል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ወጥ አማስላለሁ። ትሪው ላይ ማርታ ትንሽ ተጣማ፣ ትንሽ ሰፍታ ትታያለች። ጎርሳ ዋጠች። እንደገና ጎረሰች። ቀና ብላም ጀርባዬን አየችው፣ ቀጥሎ ግድግዳውን።

"እማዬ፣ ትሪው እዚያ ላይ ለምን ተሰቀለ?"

ሳልዞር "ፋሽን ነው" አልኳት።